ነፍሰ ጡር እናት ኦቾሎኒና እንቁላል ብትተው ልጇን ከአለርጂ ታድናለች?

አዋላጅ ዘፒያሳ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ፒያሳ አካባቢ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የእርግዝና ክትትል ክፍል ነው። ባልየው አስም ካለበት ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን ችፌ ካስቸገረው፣ ብዙ እናቶች ገና በ3ኛው ወር ኦቾሎኒ፣ እንቁላል፣ ወተትና ሰሊጥ አቁመው ይመጣሉ። ምክንያታቸው «ልጁ ላይ አለርጂ እንዳይሆን» ነው። ጾም ሲጨመርበት ሳህኑ ላይ የሚቀረው ሽሮና ጎመን ብቻ ይሆናል። መተው ይጠቅማል? ካልጠቀመስ በተቃራኒው ኦቾሎኒ አብዝተው እንዲበሉ ልንገራቸው? ከወሊድ በኋላስ ምን እንዲያደርጉ ልምከር? እናቶቹ ፊት ቁርጥ ያለ ነገር መናገር እፈልጋለሁ።

የምግብ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ

ሲስተር፣ እንዳይተዉ ይንገሯቸው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከድሮው ምክር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 አለርጂ በቤተሰቡ ያለባት እናት በእርግዝና ጊዜ ኦቾሎኒ እንድትተው መክሮ ነበር። ማስረጃ ስላልተገኘለት በ2008 ምክሩን አነሳ፤ በ2019ም ይህንኑ አጸና። ጥናቶቹን አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማም መተው ልጁን እንደማይከላከል፣ ይልቁንም የእናትየውን ክብደት መጨመር ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 8 ግራም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ (30 ግራም ገደማ) ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ሦስቱን ያቆመች እናት በቀን ከ20 ግራም በላይ አጣች ማለት ነው። በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደግሞ ሰውነቷ ከወትሮው በላይ በቀን 31 ግራም ያህል ተጨማሪ ፕሮቲን ይፈልጋል። ከወተቱ ጋር ወደ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየምም አብሮ ይሄዳል።

ጾሙን በተመለከተ ለነፍሰ ጡር ፈቃድ እንዳለ ብዙዎቹ ያውቃሉ፣ ግን መጠየቅ ይከብዳቸዋል። ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ በግልጽ ይንገሯቸው። እጾማለሁ ያለችውን ምስርና ሽምብራ በየቀኑ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥም ጨምራ እንድትበላ ያድርጉ። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእህል አይገኝም፤ በኪኒን መተካት አለበት።

አብዝታ ትብላ ወይ ላሉት፦ አለርጂ የሌለባቸው ኦቾሎኒ አዘውትረው የበሉ እናቶች ልጆች ላይ አለርጂው አነስ ብሎ የታየበት የአሜሪካ ጥናት አለ። ነገር ግን የእናቶቹን የአመጋገብ ልማድ ተከትሎ የታየ እንጂ እናቶቹ በዕጣ ተመድበው የተሞከረ አይደለም። ስለዚህ እንደ መድኃኒት መጠን አይሰጥለትም። የለመደችውን ትብላ፣ የማትወደውን አታስገድዷት።

ከአለርጂው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሻጋታው ነው። የጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም የመረረ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቁላቱም አያጠፋውም። ያልተፈጨ፣ ደረቅና ሙሉ ፍሬ ገዝተው ራሳቸው ይልቀሙ። ተፈጭቶ የሚሸጠው ላይ መልቀም አይቻልም።

የሕፃናት ሐኪም

በዚህ ላይ የምጨምረው ዋናው ሥራ ከወሊድ በኋላ መሆኑን ነው። ምግብ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት ይለየዋል፤ በአንጀት በኩል በጊዜው ሲገባ ግን ይለምደዋል። ስለዚህ ችፌ ያለበትን ሕፃን ቆዳ መንከባከብ የአለርጂ መከላከያም ጭምር ነው። ቆዳው የተሰነጠቀበትን ልጅ ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት አይቀቡት፤ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ከታጠበ በኋላ ወዲያው ይበቃዋል። ኦቾሎኒ ወይም እንቁላል የነካ እጅም ሕፃኑን ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ጊዜውን በሚመለከት ለ640 ሕፃናት የተሠራው የእንግሊዙ ጥናት (እ.ኤ.አ. 2015) ሁሉን ቀይሯል። ልጆቹ ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ነበሩ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ኦቾሎኒ ከተከለከሉት መካከል 17.2 በመቶው፣ ከበሉት ግን 3.2 በመቶው ብቻ አለርጂ ሆነዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ 6 ወር ሞልቶት ገንፎ ወይም አጥሚት ከለመደ በኋላ፣ ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ ጠዋት ላይ ይጀመር፤ ማታ ከሆነ የሚከታተል ሰው አይኖርም። ስኳርና ጨው የሌለበት ለስላሳ የኦቾሎኒ ቅቤ 2 የሻይ ማንኪያ፣ በ2 ወይም 3 ማንኪያ ሙቅ ውኃ ይበጠበጥ። መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ ይቅመስና 10 ደቂቃ ይጠበቅ። ምንም ካልታየ ቀሪውን ይብላ፣ ከዚያ 2 ሰዓት ይታይ። ከተስማማው በሳምንት 3 ጊዜ ይቀጥል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ አንድ ጊዜ አቅምሰው ለወራት ይተዉታል፣ መልመዱም ይቀራል። እንቁላልም በደንብ ተቀቅሎ በዚያው ወቅት ይጀመር፣ ግን ሁለቱን አዲስ ምግብ በአንድ ቀን አያዋህዱ፤ ችግር ቢመጣ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ሙሉ ፍሬ ኦቾሎኒ 5 ዓመት ሳይሞላ አይሰጥም፣ ያንቃል።

ከባድ ችፌ ያለበት ወይም ቀድሞ በእንቁላል ሽፍታ የወጣበት ሕፃን ግን ቤት ውስጥ አይጀመርለት። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር ሐኪም ይየውና ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ይወሰን።

ሳማ እንደለበለበው ዓይነት እብጠት ከአፍ ዙሪያ አልፎ ሰውነቱን ካዳረሰ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ከመጣ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከተሰማ ወይም ልጁ ከዛለ ድንገተኛ ነው። ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፤ 1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነው፣ በኪሎ 0.01 ሚሊ ሊትር፣ በታፋ የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ። ለ8 ኪሎ ሕፃን 0.08 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሃይድሮኮርቲዞንና የአለርጂ ሽሮፕ ቀድሞ ሰጥቶ መጠበቅ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም። ይህን ለተረኞቻችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው።

ፋርማሲስት፣ አራት ኪሎ

ስለ ዓሣ ዘይት ስለሚጠየቅ ላክል። በዴንማርክ ጥናት እናቶች ከ24ኛው ሳምንት ጀምረው በቀን 2.4 ግራም ኦሜጋ 3 (የዓሣ ዘይት ውስጥ ያለ የቅባት ዓይነት) ሲወስዱ፣ የልጆቹ አስም ወይም የማያቋርጥ ሲር ሲርታ ከ23.7 ወደ 16.9 በመቶ ወርዷል። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ቀድሞ ኦሜጋ 3 በደማቸው ያነሰባቸው ናቸው። ችግሩ መጠኑ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለው ባለ 1000 ሚሊ ግራም እንክብል ብዙ ጊዜ 300 ሚሊ ግራም ኦሜጋ 3 ብቻ ነው ያለው። በጥናቱ ልክ ለመውሰድ በቀን 8 እንክብል ሊያስፈልግ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር አልሰጥም። ቆሮሶ ዓሣ በሚገባ በስሎ በሳምንት ሁለቴ ቢበላ ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ኦሜጋ 3ቱ ግን ትንሽ ነው፤ ሰርዲን ይበልጠዋል። የዓሣ ጉበት ዘይት ግን ለነፍሰ ጡር በፍጹም፤ ቫይታሚን ኤው ጽንሱን ይጎዳል።

አዋላጅ ዘፒያሳ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፤ እናትየው ራሷ የኦቾሎኒ አለርጂ ካለባትስ?

የምግብ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ

እሷማ ለራሷ ስትል ትተው፣ ያ የተለየ ነው። ግብጦም ከኦቾሎኒ ጋር ስለሚቀራረብ ሰውነቷ ሊቆጣበት ይችላል፤ ከወሊድ በኋላ ለወተት ተብሎ የሚሰጣት አብሽም እንዲሁ። ሽሮና በርበሬ የምታስፈጭ ከሆነም ወፍጮ ቤቱን ከእሷ በፊት ምን እንደተፈጨ ትጠይቅ። ኦቾሎኒ ወይም ግብጦ ከነበረ ተራዋን ለሌላ ሰው አሳልፋ፣ ሌላ እህል ከተፈጨ በኋላም ቢሆን ወፍጮው በደንብ መጠረጉን አይታ ታስፈጭ።