የድሮ ሲኒማ ቤት ልናድስ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የኖረ ሲኒማ ቤት አለ። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ባልኮኒ፣ ከላይ ፊልም የሚያሳዩት ማሽኖች የሚቆሙበት የማሽን ክፍል። አሁን ቁልፉ እኛ እጅ ገብቷል። ጉልበት አለን፣ ሙያ ግን የለንም። ግማሾቻችን ቶሎ ቀለም እንቀባ፣ ወንበር እንጠግን ይላሉ። እኔ ደግሞ ቤቱ ምን ምን እንዳለፈበት ሳላውቅ እጄን ማሳረፍ ፈራሁ። ሰነድ የለም። ከግድግዳው ብቻ ማወቅ ይቻላል? ማሽን ክፍሉ ውስጥ የተደራረቡ የፊልም ቆርቆሮዎችም አግኝተናል። እስካሁን አልከፈትናቸውም።

የድሮ ኦፕሬተር፦
አልከፈታችኋቸውም? ተባረኩ። እንደዚያው ይቆዩ፣ እመለስባቸዋለሁ።

እኔ ማሽን ክፍል ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ቤቱን የማየውም ከላይ ወደ ታች ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጻፍ።) መጀመሪያ ጣሪያው። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቀለም መቀባት ገንዘብ መድፋት ነው። ቀጥሎ የኮርኒሱን ጀሶ ከላይ ወጥታችሁ እዩት። ከታች ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለንደን ውስጥ በ1901 የተከፈተ አፖሎ የሚባል ቴአትር ቤት አለ። በ2013 ሰው ትርኢት እያየ ኮርኒሱ ተደርምሶ ከ70 በላይ ሰው ተጎዳ። ጀሶውን አንጠልጥሎ የያዘው በጀሶ የተነከረ ጨርቅ በእርጅና አልቆ ነበር። ስለዚህ ባለሙያ ሳያየው ማንም ከሥሩ አይሥራ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ይቻላል፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። መድረኩ ፊት ወለሉ ዝቅ ይላል? የሙዚቀኞች ቦታ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ያለው ፊልም የተስፋፋው ከ1927 በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ሙዚቃው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነበር የሚጫወተው። ቤቱ ቴአትርም ያሳይ ከነበረ ግን በዚህ ብቻ አትፍረጂ።

ቀጥሎ ከስክሪኑ ኋላ በባትሪ እዪ። በ1953 ሲኒማስኮፕ መጣና ምስሉ ወደ ጎን ተለጠጠ። ጠባብ መድረክ የነበራቸው ቤቶች ሰፊውን ስክሪን ከመድረኩ ቅስት ፊት ለፊት አቆሙት። ዋናው ቅስት ከነጌጡ ኋላ ተደብቆ የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ምናልባት እናንተም ጋ ይኖራል።

ከዚያ ወደ እኔ ክፍል ውጪ። ወደ አዳራሹ የሚያዩትን መስኮቶች ቁጠሪ። ለእያንዳንዱ ማሽን ሁለት ነው፦ አንዱ ለብርሃኑ፣ አንዱ ለኦፕሬተሩ ዓይን። አራት ካገኘሽ ሁለት ማሽን ነበር ማለት ነው። አንድ ጥቅል ፊልም ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚሄደው። ሲያልቅ ሁለተኛው ማሽን መቀበል አለበት። ምስሉ ላይ ከላይ በቀኝ ጥግ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያኔ ሞተሩን ታስነሺያለሽ። ሰባት ሰከንድ ገደማ ቆይታ ሁለተኛዋ ትመጣለች፤ ያኔ ትቀይሪያለሽ። ተመልካቹ አያያትም። እኔ እስከ ዛሬ ሰው ቤት ተጋብዤ እንኳ የድሮ ፊልም ሲከፈት ዓይኔ እዚያች ጥግ ላይ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል።

ከመስኮቶቹ በላይ የብረት መዝጊያ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ካለ እንዳትነቅሉት! እሳት ሲነሳ በቀላሉ የሚቀልጠው ማያያዣ ይበጠስና መዝጊያው ይወድቃል። የድሮው ናይትሬት ፊልም የሚነድበትን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ ውኃ ውስጥም አይጠፋም። እንግሊዞች በ1909 ማሽን ክፍል እሳት በማይበግረው ግድግዳ ይለይ ብለው ሕግ ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቆርቆሮዎቹም ለዚህ ነው የሚያስፈሩኝ። ናይትሬት እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ይሠራበት ነበር። ፊልሙ ከተጣበቀ፣ ካበጠ ወይም ቡናማ ዱቄት ከሆነ አትንኩት፤ እሳት አደጋ ይጠራ። ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» (በቀላሉ የማይነድ ፊልም ነው ለማለት) የሚል ጽሑፍ ቢኖርም እሱን ብቻ አትመኑ። ከሌላ ቅጂ አብሮ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል። የፊልም ማኅደር ባለሙያ ይየው።

ሮለር የያዘው፦
እኔ ከስህተቴ ልንገራችሁ። ያደስነው አዳራሽ ስክሪን ቢጫ ሆኖብን በሮለር ነጭ ቀለም ቀባነው። ሲያዩት ሙሽራ! ፊልም ስንከፍት ግን ተዋናዮቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚያወሩ መሰሉ። ለካ ስክሪኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ድምፁ ከኋላ ካሉት ስፒከሮች በቀዳዳዎቹ በኩል ነው የሚወጣው። ሁሉንም ደፍነናቸዋል። በመርፌ ልንከፍት ሞከርን፤ ሁለት ቀን ሠርተን አንድ ክንድ አልሞላንም። አዲስ ገዛን።

ስለ ግድግዳ ቀለም ደግሞ፦ አንድ ጥግ ላይ መዳፍ በምታክል ቦታ ቀለሙን በስለት ንብርብር በንብርብር ፋቁት። እንደ ደረጃ እያደረጋችሁ። የመጀመሪያው ቀለም ከታች ብቅ ይላል። የእኛ ጥቁር ቀይ ነበር፤ ሁላችንም ክሬም ነው ብለን ተወራርደን ነበር። የግድግዳውን ድምፅ መጣጭ ሰሌዳ ግን አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) እንደሌለበት ሳታስመረምሩ አትፋቁ፣ አትብሱም።

ዲጂታል ነኝ፦
የድሮውን ማሽን አትጣሉት፣ ግን አትመኩበትም። አዳዲስ ፊልሞች አሁን የሚመጡት በፋይል ነው፣ የሚከፍታቸው ቁልፍም ለብቻው ይላካል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያቆሙ ቤቶች አሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ማሽኑ ውስጥ የዜነን አምፖል ካለ ፊቱን ያልሸፈነ ሰው አይንካው። ቀዝቃዛ ሆኖም ውስጡ ጋዝ ታምቋል፣ ሊፈነዳ ይችላል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ በተለይ እርስዎን ጋሼ። ዛሬ ወጥቼ ቆጠርኩ፤ አራት መስኮት ነው። መዝጊያዎቹም አሉ፣ አንዱ ወድቆ ዝጎ ተጣብቋል። ቆርቆሮዎቹ አጠገብ ኃይለኛ የኮምጣጤ ሽታ አለ። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ ከግራው ማሽን አጠገብ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አጫጭር መስመሮች ተሰምረዋል። አምስት አምስት እየሆኑ፣ ከላይ እስከ ታች።

የድሮ ኦፕሬተር፦
ኮምጣጤ ከሸተተ አሴቴት የሚባለው፣ ናይትሬትን የተካው የፊልም ዓይነት መሆኑ ነው፤ እንደ ናይትሬት አይነድም። እየበሰበሰ ግን ነው፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። ቀዝቀዝ ያለ፣ አየር የሚገባበት ቦታ ለብቻው ይቀመጥ። የማይሸቱ ቆርቆሮዎች ካሉ ግን ባለሙያው እስኪያያቸው እንደ ናይትሬት ቁጠሪያቸው።

መስመሮቹ ምን እንደሆኑ ሳላይ መማል አልችልም። እኔ ግን እንደዚያ አደርግ ነበር፦ የጫንኩትን ጥቅል ሁሉ አንድ መስመር፣ የቱ ላይ እንደደረስኩ እንዳይጠፋኝ። ቀለም የሚቀቡት ልጆች እዚያች ግድግዳ ጋ ሲደርሱ አንቺ እዚያው ቁሚ።