የዓለት ናሙናዬ ውሃና ዘይት ተደምሮ 111 በመቶ ሆነብኝ፤ ስህተቱ የት ነው?

የላቧ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር እንቅልፍ ነስቶኛልና እርዱኝ።

ናሙናው 38 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 50 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የአሸዋ ድንጋይ ፕለግ ነው፤ ማለትም ከኮር (ከጉድጓድ ከሚወጣው የዓለት ዘንግ) የተቆረጠ ትንሽ ሲሊንደር። ከመጠቅለያው አውጥቼ ወዲያው ስመዝነው 130.9 ግራም ሆነ። ከዚያ ዲን-ስታርክ (ከናሙናው የሚተነውን ውሃ በቱቦ ሰብስቦ የሚያስለካ መሣሪያ) ውስጥ አስገብቼ ቶሉይን በሚባለው ዘይት አሟሚ ፈሳሽ ሁለት ቀን አፈላሁት። በቱቦው ስር የተጠራቀመው ውሃ 6.2 ሚሊሊትር ላይ ቆመ፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ቀጥዬ ጨውን ለማውጣት በሜታኖል አጠብኩት፤ ከሚወጣው ሜታኖል ላይ ሲልቨር ናይትሬት (ጨው ካለ ነጭ የሚያደርገውን) ጠብ ሳደርግበት ነጭ መሆኑን እስኪተው ድረስ። አድርቄ ስመዝነው 119.6 ግራም። በሂሊየም የለካሁት የቀዳዳዎቹ መጠን 11.0 ሚሊሊትር ነው።

የጠፋው ክብደት 11.3 ግራም ነው። ውሃውን 6.2 ግራም ስቀንስ 5.1 ግራም ዘይት ይቀራል፤ ዴንሲቲው 0.85 ስለሆነ 6.0 ሚሊሊትር ይሆናል። እንግዲህ ውሃው 56.4 በመቶ፣ ዘይቱ 54.5 በመቶ! ከቀዳዳው በላይ ፈሳሽ ከየት መጣ? ሚዛኑን በመለኪያ ክብደት ፈትሼዋለሁ፣ የሂሊየሙን ልኬት ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ ያው ነው።

ድንጋይ አንባቢ፦

ያደረቅሽው በስንት ዲግሪ ነው? ናሙናው ሸክላነት ካለው፣ ከመጠን ያለፈ ማድረቅ ከሸክላው ጋር የተጣበቀውን ውሃ አብሮ ያባርረዋል፤ ያ ክብደት ደግሞ ዘይት ተብሎ ይቆጠራል። ጂፕሰምም ካለበት ጣጣ ነው። ቶሉይን የሚፈላው 110 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የክሪስታሉን ውሃ ያወጣዋል፤ ያኔ የቱቦው ውሃ ራሱ ከእውነቱ ይበልጣል።

የላቧ ልጅ፦

አመሰግናለሁ። ያደረቅኩት በ60 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 40 በመቶ ላይ በተያዘ ኦቨን ነው። የማዕድን ምርመራው ጂፕሰም አላሳየም፤ ሸክላውም ጥቂት ነው።

የኮር ክፍል ሽማግሌ፦

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፕለጉን በቲምብል (ፈሳሹን አሳልፎ ቅንጣቱን በሚይዝ ማጣሪያ ዕቃ) ከተሽ ነው ያፈላሽው ወይስ እንዲሁ ራቁቱን? ከፍላስኩ ስርስ ምን አየሽ?

ይህን የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። ውሃውን በዓይንሽ አይተሽዋል፤ ቱቦው ውስጥ ተኝቷል፣ መስመሩን ታነቢያለሽ። ዘይቱን ግን አላየሽውም። እነ ዲንና ስታርክ ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲያወጡት በነዳጅ ውስጥ ያለውን ውሃ ለመለካት ነው እንጂ ዘይት ለመለካት አይደለም። እኛ ዘይት የምንለው ከክብደት ልዩነቱ የተረፈውን ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የጠፋ ነገር ሁሉ ዕዳውን የሚጥለው ዘይቱ ላይ ነው። ኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ) ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ የቀረች የውሃ ጠብታ እንኳ ዘይት ሆና ትቆጠራለች። እኔ ከማንበቤ በፊት ሁልጊዜ ከላይ ቶሉይን በቀጭኑ አፍስሼ አወርዳታለሁ።

የላቧ ልጅ፦

ጋሼ፣ ያለ ቲምብል ነበር። የሚመጥን ስላላገኘሁ ጠርዙ ሲፈረፈር እያየሁ ቸል አልኩት። አሁን ከፍላስኩ ስር ያለውን አጣርቼ፣ አጥቤና አድርቄ መዘንኩት፤ ጥሩ ጥሩ የአሸዋ ቅንጣት፣ 0.8 ግራም። ያንን ስቀንስ ዘይቱ 4.3 ግራም፣ ማለትም 5.06 ሚሊሊትር ሆነ። ድምሩ ግን አሁንም 102 በመቶ ነው። በጣም ቀርቦኛል፣ አልተዘጋልኝም።

የኮር ክፍል ሽማግሌ፦

አሸዋውን ስላልደፋሽው ተባረኪ። የቀረው ጨው ነው። የውሃው ጨዋማነት ስንት ነው?

የላቧ ልጅ፦

በክብደት 10 በመቶ፣ ዴንሲቲው 1.07።

የኮር ክፍል ሽማግሌ፦

በይ እንግዲህ አብረን እንየው። ቱቦው ውስጥ ያገኘሽው የተጣራ ውሃ ነው፤ ጨው አይተንምና ድንጋዩ ውስጥ ቀርቷል። 6.2 ግራም ንጹህ ውሃ ከጨዋማው 90 በመቶውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጨዋማው 6.89 ግራም ነበር። ለ1.07 ስታካፍዪው 6.44 ሚሊሊትር ይሆናል። ውሃሽ በጥቂቱ ጨመረ ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። 0.69 ግራሙን ጨው በሜታኖል አጥበሽ አውጥተሻል፤ ደረቁን የመዘንሽው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የጠፋው 11.3 ግራም ውስጥ ጨውም አለበት፣ አንቺ ግን ዘይት አድርገሽ ቆጠርሽው። ከሜታኖሉ በፊት አድርቀሽ ብትመዝኚ ኖሮ ጨውሽ ከድንጋዩ ጋር በሚዛኑ ላይ ስለሚቀር ይህ አይነካሽም ነበር። ብዙ ሰው የጨው ማስተካከያ ሲባል የውሃውን መጠን ብቻ ያርምና ዘይቱን ይረሳዋል፤ እኔም ይህ ገብቶኝ ሳይሆን ዓመታት ሠርቻለሁ።

ከ11.3 ላይ 6.89ና 0.8 ቀንሺ።

የላቧ ልጅ፦

3.61 ግራም! 4.25 ሚሊሊትር። ውሃ 58.5 በመቶ፣ ዘይት 38.6 በመቶ፣ ቀሪው 2.9 በመቶ ጋዝ። ጋዝ ደግሞ መኖር አለበት፤ ኮሩ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳልና። የዘይቱ ቁጥር ከ54.5 ወደ 38.6 መውረዱን ሳይ ደነገጥኩ፤ ይህን ቁጥር አስረክቤ ቢሆንስ?

ከዚህ በኋላ ቲምብል ሳይኖር አልጀምርም፤ ደረቁንም ሁለት ጊዜ፣ ከሜታኖሉ በፊትና በኋላ እመዝናለሁ። ልዩነቱ ጨውን ስለሚሰጠኝ የጨዋማነቱን ቁጥርም ማመሳከሪያ አገኛለሁ። ችግሩ፣ ከዚህ በፊት በዚሁ መንገድ የሠራኋቸው አራት ናሙናዎች አሉ፤ ፍላስኮቻቸውን አጥቤ ደፍቻለሁ። እነሱን ምን ላድርጋቸው?

የኮር ክፍል ሽማግሌ፦

የውሃ ቁጥራቸው አልተበላሸም፤ ለጨው አስተካክለሽ አስረክቢው። የዘይቱን ቦታ ባዶ ተዪው፤ ከስሩም የቅንጣት ብክነቱ አልተለካም ብለሽ ጻፊ።