ስፖርት የወደደች ልጅ ሙያዋም ስፖርት ይሁን?

ጥያቄ (ሰማያዊ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከ7 ዓመቷ ጀምሮ ውሃ ዋና የምትሠለጥን፣ አሁን 14 የሞላት ልጅ አለችኝ። ልምምዷ በሳምንት 16 ሰዓት ደርሷል። አሰልጣኟ ሌላውን ሁሉ ትታ በዚህ ብቻ እንድትገፋበት ይፈልጋል፤ የትምህርት ዘርፍ መምረጫውም ቀርቧል። «ስፖርት ጠባይ ያንጻል» ሲባል በምን በኩል ነው? ሙያዋንስ ከዚህ ተነስቶ መገመት ይቻላል?

መልስ (ፊሽካ)
ከ16ቱ ሰዓት እንጀምር። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት ልክ፣ የሳምንቱ ልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ ቁጥር እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ ለእሷ 14 ሰዓት ጣሪያው ነው። በዚያ ላይ በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን እረፍት፣ በዓመት በድምሩ ከ2 እስከ 3 ወር ከዋና መራቅ (አንድ ወር አንድ ወር እየተከፋፈለም ይሆናል)። በዋናተኛ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ትከሻ ነው። ክንድ ከራስ በላይ ሲነሳ የሚወጋ፣ ልምምድ ካበቃም በኋላ የማይለቅ ሕመም ካለ ርቀቱ ይቀነስ፣ ሐኪምም ይየው፤ «ሲሞቅ ይለቃል» አይባልም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው፦ ቁመት በፍጥነት የሚጨምረው በሴቶች በአማካይ በ12፣ በወንዶች በ14 ዓመት አካባቢ ነው። እጅና እግር ሲረዝም የለመዱት ቅንጅት ለጊዜው ሊዛባ፣ የውድድር ሰዓቱም መሻሻሉን ሊያቆም ይችላል። ልጁ «ችሎታዬ ጠፋ» ይላል፣ አሰልጣኙ «ሰነፈ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በዚህ ወቅት ሰዓት ከማሳደድ አዋኛኘትን ማረም ይበጃል።

መልስ (ባለ ደብተር)
እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ስፖርት በራሱ አያንጽም። ያው ውድድር ትዕግሥትንም ማጭበርበርንም ያስተምራል፤ የሚለየው አዋቂው በሚያሞግሰው ነገር ነው። የሚሞገሰው 1ኛ መውጣት ብቻ ከሆነ፣ ልጅ ልትሸነፍ የምትችልበትን ውድድር መሸሽ ትለምዳለች። በእጇ ያለውን ለይታችሁ አሞግሱ፦ አነሳሷን፣ ግድግዳው ላይ አዟዟሯን፣ የጉልበት አመዳደቧን።

200 ሜትር የምትዋኝ ከሆነ ለእያንዳንዱ 50 ሜትር ያሰበችውን ሰዓት አስቀድማ ትጻፍ፣ ከውድድሩ በኋላ ካስመዘገበችው ጋር ታስተያየው። የመጀመሪያው 50 ካሰበችው በጣም ፈጥኖ የመጨረሻው ከተጎተተ፣ በአብዛኛው የጎደላት ጉልበት ሳይሆን አመዳደብ ነው። ይህ ልማድ ለፈተና ዝግጅትም ያገለግላል፤ ግን በራሱ አይሻገርም፣ አንድ ሁለቴ በትምህርቷ ላይ አብሮ መሥራት ያስፈልጋል። ደብተሩን ወላጅ ከያዘላት ግን ከንቱ ድካም ነው።

መልስ (ሦስተኛ ሜዳ)
ለሙያው የስፖርቱን ስም ተዉትና ማንም ሳያዛት የምትሠራውን ተመልከቱ። የሁሉንም ሰዓት መዝግባ የምታነጻጽር ወደ ስታቲስቲክስ፣ ትንንሾቹን የምታርም ወደ መምህርነት፣ ሕመም ከየት እንደመጣ የምትጠይቅ ወደ ሕክምና ወይም ፊዚዮቴራፒ፣ በሕግና ደንብ የምትከራከር ወደ ዳኝነት ልታዘነብል ትችላለች። ግምት ብቻ ነውና ፈትኑት፦ ለአንድ የውድድር ዘመን ያንን ሥራ ስጧት፣ ለምሳሌ በሳምንት 1 ሰዓት ጀማሪዎችን ታግዝ። አመስጋኝ በሌለበት ቀንም ከቀጠለች ሥራውን ወዳዋለች፤ ካቆመች የወደደችው ሙገሳውን ነበር።

ሒሳብና ሳይንስ አሁን አይጣሉ፤ ኋላ መተው ይቻላል፣ መመለሱ ነው የሚከብደው። ደግሞ ከዋና ውጭ ራሷን የምትገልጽበት ሌላ ነገር ከሌላት፣ አንድ የትከሻ ጉዳት ውድድሯንም ማንነቷንም አብሮ ይወስዳል። ለእኔ ከአሰልጣኙ ሐሳብ አስጊው ይኸኛው ነው።

ሰማያዊ
አመሰግናለሁ። አሰልጣኙ 2 ሰዓቱን አልቀንስም ካለስ?

ፊሽካ
ከትምህርት በፊት ያለው የንጋት ልምምድ ካለ ከዚያ ይቀነስ። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ያስፈልጋል፣ የንጋቱ ልምምድ የሚበላው ይህንኑ ነው። ጥያቄውን ራሷ ታቅርበው፤ እናንተ አጠገቧ ቁሙ እንጂ አትናገሩላት።