«ወፍራም ቀለህ አይሞትም» ያለው ሰው ይመለስልን

አባ ጅረን፦ ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ «የወታደር ቀለህ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ቀለህ አይሞትም፤ የፋብሪካ ማኅተም እያዩ መምረጥ ብር መበተን ነው» ተብሎ ተጻፈ። ወላሂ አናደደኝ። ጥይት መልሶ መሙላት በተፈቀደበት አገር የሚኖሩ የጅማ ልጆች እዚህ አሉ፤ አንብበው ያምናሉ። ቀለህ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው፣ ማለት ዳግም ለመሞላት የማይበቃው፣ ከቂጡ ነው። መርፌው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱል የሚቀመጥበት ጉድጓድ በየተኩሱ በግፊት እየሰፋ ይሄድና አዲሱን ካፕሱል መያዝ ያቅተዋል። ያኔ ግድግዳው የፈለገውን ያህል ቢወፍር ዋጋ የለውም። ዕድሜውን የሚወስነው የቂጡ ጥንካሬ ነው።

ናስ ቀላጭ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። የወታደር ቀለህ ለመትረየስም ጭምር ታስቦ ነው የሚሠራው። የመሣሪያው መንጠቆ በኃይል ጎትቶ ሲወረውረው ጠርዙ እንዳይገነጠል ቂጡ ይጠነክራል። ሌክ ሲቲን ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ የሚሠራ የጥይት ፋብሪካ ነው። የኔቶው ክብ ውስጥ ያለ መስቀልና የዓመቱ ሁለት አሃዝ ቂጡ ላይ ተመትቷል። አንድ ዓመት ለይቶ የሰበሰበ ሰው ከውዱ የገበያ ቀለህ ያላነሰ ይገለገልበታል። ወፍራም አይሞትም ስል ይህን ነው።

አባ ጅረን፦ አሁን «ይጠነክራል» አልክ፤ ትናንት «ወፍራም» ነበር። 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነ ናስ ጥንካሬውን የሚያገኘው ሳይሞቅ ሲጨመቅና ሲመታ ነው። ቂጡን ፋብሪካው በፕሬስ ደጋግሞ ካልመታው ወፍራም ሆኖ ለስላሳ ይቀራል። እንዲያ ያለው ቀለህ ጥቂት ጠንከር ያለ ሙሌት ሲቀምስ ጉድጓዱ ይላላል። ታዲያ ማኅተሙን ሳናይ የትኛው ፋብሪካ ቂጡን በደንብ እንደመታ በምን እናውቃለን? «ማኅተም ማየት ብር መበተን ነው» ያልከውን አንተው ራስህ ሌክ ሲቲ ብለህ አፈረስከው።

ሚዛን፦ ወንድሞቼ፣ ውፍረቱን በሚዛን እንየው። በ5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ላይ የወታደሩና የገበያው ቀለህ ክብደት ተቀራራቢ ነው። የውፍረቱ ወሬ የመጣው ከ7.62 በ51 ነው፤ የገበያ አቻው .308 ይባላል። እዚያ የወታደሩ ከአንዳንድ የ.308 የገበያ ቀለህ አንድ ግራም ያህል ይከብዳል። የውጭ ልካቸው አንድ ስለሆነ ትርፉ ናስ የገባው ወደ ውስጥ ነው። ናስ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 8.5 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ግራም 0.12 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። የቀለሁ ሆድ ደግሞ 3.6 ገደማ ነው። ከመቶ ሦስት እጅ ቦታ ጠፋ። ለሰፊው ቀለህ የተጻፈውን የባሩድ መጠን እንዳለ ጠባቡ ውስጥ ከጨመራችሁት ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ግፊቱ ጉድጓዱን ያሰፋል። አይሞትም የተባለውን ቀለህ የሚገድለው ያው ውፍረቱ ነው።

ናስ ቀላጭ፦ እህቴ፣ ሒሳብሽን አልነካም። መጠኑ ይቀነስ አይቀነስ ግን የሞላው ሰው ጉዳይ ነው እንጂ የቀለሁ ጥፋት አይደለም። ከታች ጀምሮ ቀስ እያሉ መውጣት ማንም የሚያውቀው ደንብ ነው። መጠኑ ከተቀነሰ ወፍራሙ አይሞትም።

ሚዛን፦ «ከተቀነሰ» የሚለው ትናንት አልነበረም፤ ዛሬ ነው የገባው። ለማንኛውም መለካት ለሚፈልግ እንዲህ ነው፦ ያገለገለው ካፕሱል ሳይወጣ ባዶውን ቀለህ መመዘን፣ እስከ አፉ ውሃ መሙላት፣ የአየር አረፋው እንዲወጣ ጎኑን ነካ ነካ ማድረግ፣ አፉ ላይ ያበጠውን ውሃ በወረቀት ጠርዝ ማስተካከል፣ ከዚያ እንደገና መመዘን። ልዩነቱ በግራም የወጣው በሴንቲ ሜትር ኩብ የሆዱ ስፋት ነው። ከየማኅተሙ አሥር አሥር ለክቶ አማካዩን መያዝ ይበቃል። የተኮሰው ጠመንጃ አንድ ካልሆነ ግን ማወዳደሩ ዋጋ የለውም፤ ቀለሁ በየጠመንጃው ልክ ነው የሚነፋው።

የድሮ ተኳሽ፦ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስን። ሁላችሁም ቀለሁን ይዛችሁ የተተኮሰበትን ረሳችሁት። መትረየስ ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍል ልቅ ነው፤ አፈርና ጥላሸት እያለም እንዲጎርስ ተብሎ የሚሠራ ነው። ከዚያ የወጣ ቀለህ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ተለጥጧል። ወደ ልኩ ለመመለስ በዳይ፣ ማለት ቀለህ በሚጨመቅበት የብረት ቅርጽ፣ ሲጨመቅ ናሱ ወደ አንገቱ ይፈስሳል፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ ይሳሳል። ሦስት አራት ጊዜ ከተደገመ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ቀለበት ይወጣል። በ7.62 ላይ ከቂጡ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ፈልጉት። ቀለበቱ ከታየ ቀለሁ ለሁለት ሊለያይ ነው፤ ቂጡ ይወጣል፣ ቀሪው ጠመንጃው ውስጥ ይቀራል፣ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ዓይን ብቻ አይበቃም። ቀጭን ሽቦ ጫፉን አጥፋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ጎትቱ። ጫፉ ቦይ ውስጥ ወደቅ ካለ ያ ቀለህ አለቀ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን።

አባ ጅረን፦ ጋሼ ተባረኩ። እኔም የምለው ይህንን ነው፤ ገዳዩ ጠመንጃውና ዳዩ ናቸው።

የድሮ ተኳሽ፦ አንተንም አልደገፍኩም ልጄ። ማኅተም ብቻ ማየትም አያድንም። ላፑዋ ከሚባለው ፋብሪካ የተመረጠ ቀለህ ይዞ የቀለሁን ትከሻ፣ ከአንገቱ ሥር ያለውን፣ በዳይ ከልክ በላይ ወደ ኋላ የሚገፋ ሰው እሱንም ይገድለዋል። በእጅ ለሚቆለፍ ጠመንጃ ትከሻውን 0.05 ሚሊ ሜትር መመለስ ይበቃል። በራሱ ለሚጎርስ ከ0.08 እስከ 0.13 ይሁን፤ ከዚያ በታች በደንብ ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል። ዳዩን የቀለሁን መያዣ እስኪነካ ድረስ አጥብቆ ማሰር የሚባለው ምክር ነው ብዙ ቀለህ የፈጀው። ርዝመቱንም ለኩ፦ 5.56 ከ44.70 ሚሊ ሜትር፣ .308 ከ51.18 ካለፈ ይቆረጥ። ሲረዝም አፉ የበርሜሉ መነሻ ላይ ይጨመቅና አረሩን አልለቅም ይላል፤ ግፊቱ ያኔ ወደ ላይ ይተኮሳል።

ላብራቶሪ፦ የካፕሱሉን መቆንጠጫ ማንም አላነሳም። የወታደር ካፕሱል እንዳይነቀል ዙሪያው ተቀጥቅጦ ይታሰራል። ያ ጠርዝ ሳይነሳ አዲስ ካፕሱል ሲገፋ ይጣመማል ወይም ይሰባበራል። ጠርዙን የሚፍቅ መሣሪያ አለ፣ ገፍቶ የሚያስተካክልም አለ። የሚፍቀው በማያውቅ እጅ ጉድጓዱን ራሱን ይበላዋል፤ ያኔ ገና ያልተሞላው ቀለህ ልል ሆኖ ይጀምራል። ከዚያ «የወታደሩ ቶሎ ላላ» ይባላል። የሚገፋው ናስ ስለማይቀንስ እሱን እመርጣለሁ።

ናስ ቀላጭ፦ አያችሁ? ላላ የሚባለው በፋቂው ጥፋት ነው። ቀለሁ ንጹሕ ነው።

ሕርማታ ጥግ፦ ለመሆኑ ይህ ሁሉ እዚህ አገር ለማን ነው? በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለፈቃድ ጥይት ማምረት ክልክል ነው። እዚህ የሚገኘው ቀለህም አብዛኛው የክላሽ ነው፤ ማግኔት አስጠጉት፣ ይለጠፋል፤ ብረት ነው። ውስጡን በባትሪ ብታዩት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ነው ያለው፣ የበርዳን ዓይነት። መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ቦክሰሩ በአንድ መርፌ ተገፍቶ ካፕሱሉ ይወጣል፤ በርዳኑ ግን መሐሉ ድፍን ስለሆነ መርፌውን ይሰብረዋል። ናስ የሆነው ቀልጦ ቃጭል፣ መስቀል፣ የበር እጀታ ይሁን። ለሕዝቡም የሚጠቅመው ይኸው ነው።

አባ ጅረን፦ እዚህ አገር ጥይት ሙሉ ያለ ሰው የለም። ሕግ ላይ አንድ ነን። የሚያነቡት የተፈቀደላቸው ናቸው፤ ለእነሱ ውሸት አይጻፍ ነው።

ናስ ቀላጭ፦ ሕርማታ፣ ቅለጣው ላይ ከገባህ እኔ ቤት መጣህ። ያልተተኮሰ ካፕሱል ያለበት አንድ ቀለህ ማቅለጫው ውስጥ ከገባ ፈንድቶ የቀለጠ ናስ ይረጫል። አንድ በአንድ ታይቶ፣ የመርፌ ምት የሌለበት ሁሉ ይለይ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የቀለህ ናስ የሚቀልጠውም እዚያው አካባቢ ነው። ነጭ ጭሱ የሚወጣው ለዚህ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ ያቀለጠ ሰው ማታውን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ነፋሻ ቦታ፣ ላዩ ላይ የተፈጨ ከሰል፣ እሳቱን ከልክ በላይ አለማንደድ።

ላብራቶሪ፦ ወደ «አይሞትም» ልመልሳችሁ። ናስ ሳይተኮስም፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይሞታል። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወቅት በፈረስ ጋጣ ያከማቹት ጥይት አንገቱ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ታትሞ ወጣ፦ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያና ናሱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሳብ ውስጡ የቀረው ውጥረት ሲገናኙ ይሰነጥቁታል። መፍትሔው አንገቱን አሙቆ ውጥረቱን ማስለቀቅ ሆነ። የሌክ ሲቲ ቀለህ አንገቱ ላይ የምታዩት ሰማያዊ ቡናማ ጥላ የዚያ ሙቀት ምልክት ነው፤ የገበያዎቹም ይሞቃሉ፣ ግን ብዙዎቹ ተወልውለው ነው የሚወጡት። እንደ ጅማ ዝናቡ በማያባራበት አገር በቅሎ ከሚታሰርበት ወይም ዶሮ ከሚያድርበት ጎን ናስ አይቀመጥም። አሞኒያ ባለው ማጽጃም አይወለወልም። ሎሚና ኮምጣጤ ውስጥም አይደር፤ ዚንኩ ይወጣና ሮዝ ነጠብጣብ ይቀራል፣ እዚያ ቦታ መዳቡ ስፖንጅ ሆኗል።

ናስ ቀላጭ፦ እኔስ የማሞቁን ነገር መች ካድኩ? ማንም በጋዝ ምድጃ ይችለዋል።

ላብራቶሪ፦ ይህ ነው የሚያስፈራው። ሙቀቱ አንገትና ትከሻ ላይ ብቻ ነው፣ ጥቂት ሰከንድ፣ 400 ዲግሪ አካባቢ። ደማቅ ቀይ እስኪሆን የጠበቀ ሰው አልፎታል። ቂጡ 250 ካለፈ በፕሬስ ያገኘው ጥንካሬ ይጠፋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አይመለስም። ያ ቀለህ መልኩ ያምራል፣ ውፍረቱም እንዳለ ነው፣ ግን ቀጣዩ ተኩስ ላይ ቂጡ ሊለቅ ይችላል። ወፍራም አይሞትም የሚለው ሰው የሚያየው ውፍረቱን ብቻ ነው።

ናስ ቀላጭ፦ ምድጃውን ያበላሸው ሰው፣ ዳዩን ያጠበቀው ሰው፣ ጉድጓዱን የፋቀው ሰው፣ ባሩዱን ያላስተካከለው ሰው። እስካሁን አንድም ሰው ውፍረቱ ራሱ ገደለው አላለኝም።

ሚዛን፦ እኔ ብያለሁ፣ በቁጥር። ከፍ ብለህ አንብበው።

አባ ጅረን፦ ሰው ነው የሚሞላው ወንድሜ። ሰው የማይሳሳትበት ቀለህ ካለህ አምጣው። የማኅተሙን ጥያቄም አልመለስክልኝም።

ናስ ቀላጭ፦ መልሻለሁ፤ ሌክ ሲቲ ብዬ። እሱም ወፍራም ነው።

ሚዛን፦ በየትኛው ካሊበር? 5.56 ከሆነ አይደለም ብያለሁ።

የድሮ ተኳሽ፦ እናንተ ቀጥሉ። ቀለበት የወጣበትን ቀለህ ግን ዝም ብላችሁ አትጣሉ፤ ሌላ ሰው አንስቶ ይሞላዋል። አፉን በፒንሳ ጨፍልቁት።