ጥቆማ፦ ለባለ 6 ሲሊንደር ላንድክሩዘር አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ደሴና ኮምቦልቻ

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ኤፍጄ60 ላንድክሩዘር አለው። ሞተሩ 2ኤፍ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ነው፤ እስከ ዛሬ በደንብ ይሠራል። መኪናውን አልሸጥም ብሏል፣ የግራ ጉልበቱ ግን ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቶታል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ብናስገጥምለት የትኛው ይሻላል? ሥራው እዚሁ ይሞከራል ወይስ አዲስ አበባ እንውሰደው?

መላሽ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ ይገጠማል። ሰዎች መጀመሪያ የሚነግሩህ ስለ አዳፕተር፣ ሞተሩንና ሌላ ካምቢዮን ስለሚያገናኘው መጋጠሚያ፣ ነው፤ አትስማቸው። ቶዮታ ራሱ ሥራውን ጨርሶልሃል። ኤፍጄ60ን ተከትሎ የመጣው ኤፍጄ62 በ3ኤፍ-ኢ ሞተር ላይ ኤ440ኤፍ የሚባል ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ይዞ ነበር። 3ኤፍ-ኢ ደግሞ የ2ኤፍ ዘር ነው፤ 2ኤፍ 4.2 ሊትር፣ 3ኤፍ-ኢ 4.0 ሊትር። የምትፈልገው ይህንኑ ካምቢዮ ነው። ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ስለሆነ ኮምፒውተር አይጠይቅህም። በኋላ "80 ሲሪስ" በሚባሉት ላንድክሩዘሮች ላይ የመጣው ኤ343ኤፍ ግን ያለ ኮምፒውተሩ አይሠራም፤ ርካሽ ሆኖ ብታገኘውም እለፈው።

የአሜሪካ ባለ 3 ማርሽ ካምቢዮዎች፣ ቲኤች350ና ቲኤች400፣ ጠንካሮች ናቸው፤ በዓለም ዙሪያ የላንድክሩዘር ወዳጆች ሲገጥሟቸው ኖረዋል። ለደሴ ግን አልመክርም። የሞተሩን ጫና የሚያውቁት በቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሩ ሲሳሳ ቫኪዩሙም ይቀንሳል። ካምቢዮው ሾፌሩ ነዳጅ አብዝቶ የረገጠ ይመስለዋል፤ ማርሹን አዘግይቶ፣ እየደነገጠ ይቀይራል። ለከፍታ የተስተካከለ የቫኪዩም ክፍል አለ፤ ወሎ ውስጥ ግን ከየት ታመጣዋለህ? በዚያ ላይ አዳፕተሩ፣ የዘንጉ ርዝመት፣ ከባለ 4 ጎማ ማስተላለፊያው ጋር ማጋጠሙ፣ ሁሉም ለየብቻው ወጪ ነው።

አገልግሎቱን ከፋፍለህ አሠራ። ካምቢዮውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልግ፤ ካልተገኘ ከሻርጃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አሉ። ዋናው ነገር ሙሉውን መግዛት ነው፦ ከነቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው)፣ በቮላኖው ፈንታ ከሚገባው ስስ የብረት ሳህንና ብሎኖቹ፣ ከባለ 4 ጎማ ማስተላለፊያው፣ ከማርሽ መቀየሪያው፣ ከነዳጅ ኬብሉና ከዘይት ቱቦዎቹ ጋር። እነዚህ ከጎደሉ ካምቢዮው ብረት ነው። ሻጩ "ትናንሾቹን በኋላ እናገኛለን" ካለህ ተሰናብተኸው ውጣ። ከመክፈልህ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበህ አሽትተው። የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ዘይት ካለበት ለሌላ ገዢ ተወው።

መፍታቱንና መግጠሙን ደሴ ላይ ጥሩ መካኒክ ይሠራዋል፤ ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። የቶርኖ ሥራ ግን ወደ እኛ አምጣው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የከባድ መኪና ዘንግና የፋብሪካ ማሽን ሲያቀኑ የኖሩ የቶርኖ እጆች አሏት። የሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍና የሳህኑ ቀዳዳዎች መግጠማቸውን፣ የኮንቨርተሩ አፍንጫ ዘንጉ ውስጥ ሳይላላ መግባቱን ቀድመው ይለኩልህ። ሳህኑ ከታሰረ በኋላ በኮምፓራቶር (ጥቃቅን መዋዠቅን በሚያሳይ መለኪያ) እየተለካ ሲዞር ከ0.20 ሚሊ ሜትር በላይ መዋዠቅ የለበትም። "በዓይኔ አየሁት፣ ቀጥ ያለ ነው" የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ወደ ዲፈረንሲያል የሚሄዱት ዘንጎች ከተቆረጡ ሚዛናቸውን አዲስ አበባ አስለካ፤ እዚህ ላይ የእኛን ከተማ አላደንቅም።

አንድ ነገር ቆመህ ተመልከት። ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ላይ ሲገባ እየተገፋና እየተዞረ፣ በደረጃ "ቀጭ፣ ቀጭ" እያለ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲጋጠም ሁለቱ ፊቶች በእጅ ግፊት ብቻ መገናኘት አለባቸው። ክፍተት ቀርቶ በብሎን ሊስቡት ከጀመሩ አስቁማቸው። የማውቀው አንድ ጋራዥ እንዲህ አድርጎ የዘይት ፓምፑን ሰብሮታል፤ መኪናው ከበሩ አልወጣም።

አስተያየት ሰጪ፣ ከሐይቅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማፍሰስ ፍሪሲዮኑ ለምን ከበደ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የደረቀ ሹካ፣ ያረጀ ሲሊንደር፣ ያለቀ ዲስክ ፔዳሉን ድንጋይ ያደርጉታል። ደግሞ አውቶማቲክ ባትሪው ሲሞት ተገፍቶ አይነሳም። ገጠር ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠያቂ፦
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ግን ፍሪሲዮኑ በሙሉ ተቀይሯል። ሐኪሙም በግራ እግሩ ምንም ፔዳል እንዳይረግጥ ከልክሎታል። ጋሼ፣ ካርቡሬተሩ ችግር አይፈጥርም?

መላሽ፣ ከኮምቦልቻ፦
የሐይቁ ልጅ ያለው ለሌላ ሰው ቢሆን ትክክል ነበር። ባትሪውን በተመለከተ አዲስ አስገባ፣ ገመድም መኪናው ውስጥ ይኑር።

ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። ኤ440ኤፍ የሞተሩን ጫና የሚያውቀው ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር በሚሳብ ኬብል ነው። ኬብሉ የተሠራው ለ3ኤፍ-ኢ ስለሆነ ከአንተ ካርቡሬተር ጋር እንዲስማማ ማንጠልጠያና ክንድ ማሠራት አለብህ። ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ኬብሉም እስከ መጨረሻው መሳብ አለበት፤ በኬብሉ ላይ ያለው ማቆሚያና የኬብሉ የጎማ ሽፋን ጫፍ በዚያን ጊዜ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራራቃሉ። ኬብሉ ላልቶ ከቀረ የውስጡ ግፊት ያንሳል፣ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፣ በአጭር ጊዜም ይቃጠላሉ። ለዚህ ትንሽ ክንድ ከሁሉ የተሻለውን ብረት ሠሪ ፈልግ።

የዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ የግድ ነው። ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ደሴ ላይ ሩቡ ያህል የለም ማለት ነው። ሞተሩ ሲደክም ኮንቨርተሩ ይንሸራተታል፣ መንሸራተቱ ሙቀት ነው። በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ባለው ዳገት ላይ ብቻውን አይበቃም። ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አስገጥም፤ ከሌላ መኪና የወጣ ያገለገለም ይሆናል፣ ግን በደንብ ይታጠብ።

ቁልቁለት ላይ አባትህ ዲ ላይ ትቶ ፍሬን እየረገጠ እንዳይወርድ ንገረው። ወደ ኮምቦልቻም ሆነ ወደ በሽሎ ሲወርድ ወደ ዝቅተኞቹ ማርሾች፣ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል፣ ያውርደው፣ ሞተሩ ይያዝለት።

የካምቢዮው ዘይት ዴክስሮን የሚባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የታሸገ ግዛ፤ በጀሪካን ተቀድቶ የሚሸጠውን አትንካ። መጠኑ የሚለካው መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራና ዘይቱ ሞቆ ሳለ፣ የማርሽ መቀየሪያው በሁሉም ቦታ አልፎ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የለካ መካኒክ ካየህ ደግመህ አስለካው።