ቬጋስ ልንሄድ ነው፤ ሩሌት በ200 ዶላር እንዴት ልጫወት?

የሲያትሏ

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር የባለቤቴን 40ኛ ልደት ለማክበር ከጓደኞቻችን ጋር ቬጋስ ልንሄድ ነው። ሾው እናያለን፣ እንበላለን፣ አንድ ማታ ደግሞ ካዚኖ እንገባለን ተብሏል። ወንዶቹ የሚያወሩት ስለ ብላክጃክ ብቻ ነው። እኔን ግን ሩሌት ነው የሚስበኝ፤ ብይ ቁጥር በተጻፈበት መንኮራኩር ላይ ትሽከረከራለች፣ የምታርፍበትን ቁጥር ወይም ቀለም (ቀይ ወይም ጥቁር) ገምተሽ ታስይዣለሽ። ካርድ ማስላት የለበትም፣ «ለምን እንዲህ ተጫወትሽ» ብሎ የሚቆጣኝም የለም። በዚያ ላይ ያቺ ብይ ስትሽከረከር ማየት ደስ ይላል።

ለዚህ ብዬ 200 ዶላር ለይቻለሁ። ቢበላም አልናደድም። ግን በአስር ደቂቃ አልቆ ቀሪውን ማታ ባሌ ጀርባ ቆሜ ማሳለፍ አልፈልግም። እንዴት ላቆየው? ጠረጴዛው ላይስ ምን ምን ማወቅ አለብኝ? የማላውቀው ቦታ ገብቼ መሳቂያ እንዳልሆን ፈርቻለሁ።

ባለእጥፉ

ቀላል ነው እህት። ቀይ ላይ ብቻ ያዢ። ከተበላሽ እጥፍ አድርጊ፣ አሁንም ከተበላሽ እንደገና እጥፍ። ቀይ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፣ ትርፍም አለው። እኔ በዚህ ስልት ነው የምጫወተው፤ ብዙ ጊዜ በልቼ ነው የምወጣው።

መንገደኛው

200 ዶላሩን ለቤተክርስቲያን ስጪው። እሱ አይበላም።

የሲያትሏ

@መንገደኛው አስራቴን ከፍያለሁ ወንድሜ 😄 ይሄ ከልደቱ በጀት ነው።

የሌሊት ሺፍት

እህቴ፣ እኔ እዚያው ቬጋስ የሩሌት ዲለር ነኝ፤ ብይዋን የማሽከረክረው፣ ላሸነፈ የምከፍለው እኔ ነኝ። የምሠራበትን ቤት ስም አልጠራም። እንዳንቺ ዓይነቱን እንግዳ በየሳምንቱ አያለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ «የትኛው ቁጥር ይመጣል?» ብሎ ነው። አንቺ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው።

ከመቀመጥሽ በፊት ዜሮዎቹን ቁጠሪ። ከ1 እስከ 36 ያለው በሁሉም መንኮራኩር ላይ ያው ነው። ልዩነቱ አረንጓዴዎቹ ላይ ነው። አንድ ዜሮ ብቻ ያለው አለ፣ ዜሮና ደብል ዜሮ ያለው አለ፣ ሦስት ያለውም አለ። ሦስተኛው አረንጓዴ ብዙ ጊዜ ዜሮ አይመስልም፤ የካዚኖው አርማ ወይም ፊደል ነው የሚሆነው። እንግዳ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ይሄ ነገር ስትሪፕ (ትልልቆቹ ካዚኖዎች ያሉበት የቬጋስ ዋና መንገድ) ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ቬኔሺያን በሚባለው ካዚኖ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በየቦታው አለ፣ በተለይ ሚኒመሙ (በአንድ ዙር ማስያዝ ያለብሽ ትንሹ ገንዘብ) ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ።

ምን ለውጥ ያመጣል ካልሽ እንዲህ አስቢው። ባለሁለት ዜሮው ላይ 38 ቁጥር አለ። በሁሉም ላይ አንድ አንድ ዶላር ብታስቀምጪ 38 ዶላር ወጣሽ። አንዱ ቁጥር ይመጣል። 35 ዶላር እከፍልሻለሁ፣ ያስያዝሽው አንድ ዶላርም ይመለስልሻል፣ 36 ሆነ። ሁለት ዶላር ቀረች። ካዚኖው የሚኖረው በዚያች ሁለት ዶላር ነው፤ በመቶኛ 5.26 ናት። አንድ ዜሮ ብቻ ከሆነ የምትቀረው አንድ ዶላር ናት፣ 2.70 በመቶ። ሦስት ዜሮ ከሆነ 7.69። ቀይ ላይ ያዝሽ፣ ቁጥር ላይ ያዝሽ፣ መቶኛው ያው ነው። አንድ ለየት ያለ አለ፤ ባለሁለት ዜሮው ላይ 0፣ 00፣ 1፣ 2 እና 3ን በአንድ ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የምትጫወቺበት ክብ ነገር) የሚይዘው ውርርድ 7.89 በመቶ ይበላሻል። እሱን ተዪው።

አሁን ወደ ገንዘብሽ እንምጣ። ሰው የሞላበት ጠረጴዛ ላይ በሰዓት 40 ጊዜ ገደማ እናሽከረክራለን። ሚኒመሙ 15 ዶላር ከሆነና በየዙሩ 15 ብታስይዢ በሰዓት 600 ዶላር አስያዝሽ ማለት ነው፤ የያዝሽው 200 ቢሆንም። ከዚህ ላይ ባለአንድ ዜሮው በአማካይ 16 ዶላር ያስከፍልሻል፣ ባለሁለቱ 32፣ ባለሦስቱ 46። ይሄን እንደ መግቢያ ዋጋ ቁጠሪው። ለሾው ትኬት ስትከፍዪ ገንዘቤ ተመልሶ ይመጣል ብለሽ አትቀመጪም። እዚህም እንደዚያው። አማካይ ነው እንግዲህ፤ አንዳንድ ማታ በልተሽ ትወጫለሽ፣ አንዳንድ ማታ ሁሉም ይሄዳል።

ግን 200 ዶላር በ15 ሲካፈል 13 ውርርድ ነው። ትንሽ ይጠባል። ስለዚህ የ10 ዶላር ጠረጴዛ ፈልጊ፤ ፍሪሞንት ስትሪት፣ አሮጌው የቬጋስ መሐል ከተማ፣ አካባቢ ከስትሪፕ ይልቅ የማግኘት ዕድል አለሽ። ወይም እውነተኛ መንኮራኩር መሐል ላይ ተቀምጦ ሰው በየራሱ ስክሪን የሚያስይዝበት ማሽን አለ፤ እሱ በ5 ዶላርም፣ ከዚያ ባነሰም ያጫውታል። እዚያም ዜሮውን ቁጠሪ። ባለአንድ ዜሮ ጠረጴዛ ብታገኚ ደስ ይለኛል፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሚኒመሙ 50 ወይም 100 ነው። ለአንቺ አይሆንም።

@ባለእጥፉ፣ ወንድሜ አትቀየመኝ፣ ያንተን ስልት ስንቱ ሲሞክረው አይቻለሁ። በእሷ 200 ዶላር እናስላው። 15 ተበላ፣ 30 ተበላ፣ 60 ተበላ። 105 ሄደ። ቀጣዩ 120 ነው፤ እጇ ላይ ያለው 95። አለቀ። ባለሁለት ዜሮው ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መበላት ከሰባት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። ብዙ ገንዘብ ላለው ሰውም ቢሆን ስድስት ጊዜ ከተበላ 945 ሄዷል፣ ሰባተኛው ውርርድ 960 ነው፤ ያ ሁሉ 15 ዶላር ለማትረፍ። ጠረጴዛው ደግሞ ማክሲመም አለው፤ ከዚያ በላይ አያስይዙህም።

«ቀይ መምጣቱ አይቀርም» ላልከው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1913 ሞናኮ ያለው የሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ መጥቷል። ሰዉ አሁንስ ቀይ ነው፣ አሁንስ ቀይ ነው እያለ እያበዛ አስይዞ አለቀ። ብይዋ ያለፈውን አታስታውስም። የመጡትን ቁጥሮች የሚያሳየው ሰሌዳ ለምን ከጠረጴዛው አጠገብ የተሰቀለ ይመስልሃል? ለናንተ ተጨንቀን ነው?

ባለእጥፉ

አልተቀየምኩም። ግን በልቼ የወጣሁባቸው ማታዎች ውሸት ናቸው ልትለኝ ነው?

የሌሊት ሺፍት

እውነት ናቸው። ስልቱ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ብዙ ማታ ትንሽ ትንሽ ይሰጥሃል፣ አንድ ማታ ሁሉንም ይወስዳል።

የሲያትሏ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የነገረኝ የለም። እና ሥርዓቱስ? እንዴት ነው የሚገባው፣ ቲፕስ ይሰጣል?

የሌሊት ሺፍት

መታወቂያሽን ያዢ፤ ከ21 ዓመት በታች አይፈቀድም፣ 40 ብትመስዪም ይጠይቁሻል (ይቅርታ፣ ባለ 40ው ባለቤትሽ ነው)። ገንዘቡን በእጄ አትስጪኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ከሰው እጅ መቀበል አይፈቀድልንም፤ ካሜራው ማየት አለበት።

ሩሌት ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ቀለም ያለው ቺፕ ነው የሚሰጠው። ያንቺ ሮዝ ከሆነ ሌላ ማንም ሮዝ አይዝም። ይሄ ቺፕ ከዚያ ጠረጴዛ ውጪ ዋጋ የለውም። ስትነሺ «ቀይሩልኝ» በዪ፣ መደበኛ ቺፕ እንሰጥሻለን፣ ያንን ካሸር ላይ በገንዘብ ትመነዝሪያለሽ። በቦርሳዋ ይዛው ሄዳ በማግስቱ የምትመጣ ሴት አትጠፋም።

ቁጥር ላይ የምትይዢ ከሆነ ሚኒመሙ ድምር ነው። በ10 ዶላር ጠረጴዛ አንድ አንድ ዶላር አሥር ቦታ መበተን ትችያለሽ። ቀይና ጥቁር ላይ ግን እያንዳንዱ ሙሉ አሥር ነው። እኔን ብትጠይቂኝ መበተኑ የበለጠ ያዝናናል። የልጆችሽ ልደት፣ የሠርግሽ ቀን፣ ደስ ያለሽ። ቁጥርሽ ሲመጣ ጠረጴዛው አብሮሽ ይጮሃል። ለቀይ ማንም አይጮህም።

እጄን ዘርግቼ «ኖ ሞር ቤትስ» (ከዚህ በኋላ ማስያዝ የለም) ስል እጅሽን ሰብስቢ። ብይዋ ከወደቀች በኋላ ያሸነፈው ቁጥር ላይ ትንሽ ምልክት አስቀምጣለሁ፤ እሷ እስክትነሳ ምንም አትንኪ። ሰው የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ።

ቲፕ በፍላጎት ነው። ስትበዪ ጥቂት ዶላር ብትገፊልን ደስ ይለናል፤ ደሞዛችን ትንሽ ናት፣ አልዋሽሽም። መጠጥ ለምታመጣው ልጅ ዶላር ሁለት ዶላር ስጪ። መጠጡ ነፃ ነው ይባላል። ሦስተኛው ላይ ግን ሰው ሚኒመሙን ይረሳል፤ አሥር አሥር ሲያስይዝ የነበረው ሃምሳ መግፋት ይጀምራል።

የባንክ ካርድሽን ሆቴል ክፍል ትተሽ ነይ። ካዚኖ ውስጥ ያለው ኤቲኤም ኮሚሽኑ ራሱ አንድ ውርርድ ነው። እኔ የማውቀው ደስ ብሎት የሚሄድ ተጫዋች 200 ይዞ መጥቶ፣ 200ው ሲያልቅ ተነስቶ እራት የሚበላው ነው። ፊቱ የሚለወጠው «የተበላሁትን ላስመልስ» ብሎ ኤቲኤም ጋ የሚሄደውና የሚመለሰው ነው።

ከአዲስ

ዲለሩ ወንድማችን፣ ይሄ ሁሉ ለጠረጴዛው ነው። እዚህ ታናሽ ወንድሜ በስልኩ ነው ሩሌት የሚጫወተው። አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ሌሊት። ደሞዝ በገባ በሦስተኛው ቀን ብድር ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?

የሌሊት ሺፍት

ስልኩ ከእኔ ጠረጴዛ ይለያል። እኔ ቺፕ እሰበስባለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ሰው ይነሳል፣ ሰው ይቀመጣል፤ ያ ሁሉ ለተጫዋቹ ትንፋሽ ነው። ስልክ ላይ ትንፋሽ የለም። አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ወዲያው ይጀምራል፣ ሌሊቱን ሙሉ። የመቶኛውን ሒሳብ አንተው ሥራው።

ብድሩን አትስጠው። ግን አትቆጣው፤ የቤት ኪራይ ካለበት ለአከራዩ ራስህ ክፈል፣ በእጁ ግን ገንዘብ አይግባ። አካውንቱን አብራችሁ ዝጉት፤ ብዙዎቹ ላይ ራስን የማገድ ምርጫ አለ። ደሞዙ የሚገባበትን ሒሳብ ለጥቂት ወር እህት ወይም እናት እንድትይዘው ከተስማማ ትልቅ ነገር ነው። «200 ዶላር ብቻ ያዝ» የሚለው ምክሬ ለእሱ አይሆንም፤ እሱ ጨርሶ ማቆም ነው ያለበት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ቁማር ለያዘው ሰው የሚረዳው መስመር 1-800-426-2537 ብላችሁ ደውሉ፤ ነፃ ነው፣ ምስጢራችሁም ይጠበቃል። ካዚኖ ውስጥ ቁጥሩ በየቦታው ተለጥፏል፤ ቆሞ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

ከአዲስ

አመሰግናለሁ። ኪራዩን ለአከራዩ መክፈል የሚለው አልመጣልኝም ነበር።

የሲያትሏ

@ከአዲስ አይዞህ ወንድሜ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከዓርብ እስከ እሁድ ነው የምንቆየው። ካዚኖውን ለቅዳሜ ማታ ነው የያዝነው። ይሻላል?

የሌሊት ሺፍት

አይሻልም። ቅዳሜ ማታ ሚኒመሙን ከፍ ያደርጉታል፤ በሥራ ቀን 15 የነበረው 25 ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ። ቅዳሜን ለሾው አድርጉት፣ እሁድ ከቁርስ በኋላ ግቡ። ጠረጴዛው ላይ ማንም ከሌለ ግን ሌላ ሰው እስኪቀመጥ ጠብቂ። ብቻሽን ከሆንሽ ዲለሩ የሚከፍለው ሰው ስለሌለ በሰዓት እጥፍና ከዚያ በላይ ያሽከረክርልሻል፤ 200ሽም በዚያው ፍጥነት ይሄዳል።