የኔዘርላንድ ባቡር ኩባንያ ካሳ መክፈሉ ልክ ነበር? ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው። ናዚዎች ኔዘርላንድን በያዙበት ጊዜ የአገሪቱ ባቡር ኩባንያ ኤንኤስ አይሁዶችን፣ ሮማዎችንና ሲንቲዎችን («ጂፕሲ» ይባሉ የነበሩትን) ከቬስተርቦርክ፣ ማለትም ናዚዎች ሰዎቹን ወደ ሞት ካምፖች ከመላካቸው በፊት ከሚያከማቹበት የኔዘርላንድ ካምፕ፣ እስከ ጀርመን ድንበር ያጓጉዝ ነበር። ሒሳቡንም ይቀበል ነበር። ዛሬ ባለው ገንዘብ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ይገመታል። በ2005 ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2019 ደግሞ በሕይወት ላሉ ተራፊዎች 15,000 ዩሮ፣ ለሟቾች ልጆች 7,500 ወይም 5,000 ዩሮ ለመክፈል ወሰነ። ልክ ነበር? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ድሬ፦
እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነው ያረጀው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየኝ ነጂው ነው። አገሩ በጠላት እጅ ነው፤ ቤቱ ልጆች አሉት። ምን ያድርግ? እሱ እምቢ ቢል ጀርመኖች የራሳቸውን ነጂ ያመጡ ነበር። በ1944 መጨረሻ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ደግሞ ዛሬ ኩባንያው ውስጥ ካሉት ያኔ የነበረ ማንም የለም። ሰው በአያቱ ጥፋት ይከፍላል እንዴ?

የዩትሬክቷ፦
ድሬ ወንድሜ፣ የአባትህን ክብር አልነካም። ግን ኩባንያ እንደ ሰው አርጅቶ አይሞትም። እዚህ ዩትሬክት ማሊባን የሚባል አሮጌ ጣቢያ አለ። አሁን የባቡር ሙዚየም ሆኗል። ልጆቼን ብዙ ጊዜ ወስጃቸዋለሁ። ውስጥ «ደ አረንድ» አለች፤ ንስር ማለት ነው። በ1839 የአገሪቱን የመጀመሪያ ባቡር ከአምስተርዳም ወደ ሐርለም የጎተተችው ሎኮሞቲቭ ቅጂ ናት፤ ለ100ኛ ዓመቱ በዓል የተሠራች። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሣባታል።

ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ደግሞ የዩትሬክት አይሁዶች ስም የተጻፈበት መታሰቢያ ቆሟል። ከዚሁ ጣቢያ ነው የወሰዷቸው። ትንሿ ልጄ ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች አንድ የቤተሰብ ስም ሲደጋገም አየች። «እማዬ፣ እነዚህ እህትማማቾች ናቸው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያ በዓል በ1939 ነው። የመጀመሪያው ባቡር ከቬስተርቦርክ የወጣው ሐምሌ 1942። ሦስት ዓመት ብቻ! ታሪኩን የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል።

የሮተርዳሙ ሽማግሌ፦
ልጄ፣ ልብሽን ይባርከው። እኔ ግን ገንዘቡ ራሱ ይቀፈኛል። ዝርዝሩን አያችሁት? ከግንቦት 8 ቀን 1945 በፊት የተወለደ ልጅ 7,500፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 5,000። ሐዘን በልደት ቀን ይለካል? ደግሞስ ከ100,000 በላይ ሰው ሄዶ የተመለሰው 5,000 ገደማ ነው። ዘር ማንዘሩ ላለቀበት ቤት ገንዘቡን ማን ይረከብለት? ለመታሰቢያና ለትምህርት ቤቶች ቢውል ይሻል ነበር።

የዩትሬክቷ፦
ጋሼ፣ ስለ መጠኑ እውነትዎን ነው። ሁለተኛው ሐሳብዎ ላይ ግን አልስማማም። ይህን ጉዳይ የገፋው ሳሎ ሙለር ነው። የአያክስ እግር ኳስ ክለብ ወጌሻ ነበር። ወላጆቹ አውሽዊትዝ በተባለው የናዚ ሞት ካምፕ ተገደሉ። ሰውየው ሐውልት አልጠየቀም። ወላጆቼን ጭናችሁ ሒሳብ ተቀብላችኋል፣ ስለዚህ ለእኛ ለእያንዳንዳችን መልሱ ነው ያለው። ኩባንያው በ2018 በመርህ ደረጃ እሺ እስኪል ድረስ ሙግቱን አልተወም። በሕይወት ያለ ባለጉዳይ በር እያንኳኳ ሐውልት እናቁምልህ ይባላል?

ሐዲድ፦
የነጂውን ነገር እንዳንረሳው። ሠራተኛው ማቆም ይችል ነበር ወይ ነው ጥያቄው። መስከረም 17 ቀን 1944፣ በለንደን የነበረው የስደት መንግሥት አድማ ምቱ ሲል 30,000 ገደማ የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል። ስለዚህ ይቻል ነበር! ግን ቀኑን ልብ በሉ። እስረኞችን የጫነው የመጨረሻው ባቡር ከቬስተርቦርክ የወጣው መስከረም 13 ነው። አራት ቀን ቀደም ብሎ። ይህን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ድሬ፦
ሐዲድ፣ ይህንን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የ1944ቱ አድመኞች ከኋላቸው መንግሥት ነበረ። በስውር ደመወዝ ይደርሳቸው ነበር። በ1942 ማን ጠራቸው? ማንም! አባቴም ያለ ማኅበር፣ ያለ ደመወዝ ብቻውን አያቆምም ነበር። እውነቱን ልናገር።

ሐዲድ፦
በየካቲት 1941 እኮ የአምስተርዳም ትራም ሠራተኞች መንግሥት ሳይጠራቸው ወጥተዋል። አይሁዶች ታፈሱብን ብለው! በሁለት ቀን ውስጥ በኃይል ተደፈጠጠ፣ ሰውም ሞተ። ግን ወጥተዋል። ነጂውን አልኮንንም። የምለው ስለ ዳይሬክተሮቹ ነው። የጉዞ ሰሌዳውን ያወጡት፣ ፉርጎውን የመደቡት፣ ደረሰኙን የላኩት እነሱ ናቸው።

ድሬ፦
እዚህ ላይ ተስማማን። የላይኞቹ ከሆኑ ኩባንያው ይክፈል። የአባቴ ዓይነት ሰው ስም ግን ከእነሱ ጋር እንዳይጻፍ። ለንደን የተቀመጠውስ መንግሥት? ዝም ያለው እሱ አይደለም?

የሮተርዳሙ ሽማግሌ፦
እሱም ዘግይቶ ተናግሯል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሩተ በጥር 2020 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከመጨረሻው ባቡር 75 ዓመት አልፎ ነው። ስንቱ ባለጉዳይ ሳይሰማ አለፈ? ልጄ፣ በሚቀጥለው እሑድ ወደዚያ ጣቢያ ውሰጂኝ። ስሞቹን እኔም ልያቸው።